ልጅዎ ዛሬ ተገኝታለች

ይህ በእውነት የሆነ ነው። የነገረኝ መምህር መለሰ ራሱ ነው፤ ሊዋሽ ቢፈልግ ኖሮ ራሱን ደግ አድርጎ ይዋሽ ነበር።

ጊዜው ባለፈው ጥቅምት፣ ሰኞ፣ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ተኩል። ቦታው ከመካነ ብርሃን ወጣ ብሎ ያለ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ነው። ስሙ ይቅር።

መስኮቱ መስታወት ለሌለው ክፍል አርባ ታብሌት መጣለት። ብርዱ ጣት ያደርቃል፤ ታብሌቱ ግን አዲስ ነው።

አብሮት ትእዛዝም መጣ። በመዝገቡ ላይ ያሉት አርባ ተማሪዎች በየቀኑ ካልተገኙ ዕቃው ተሰብስቦ ለሌላ ትምህርት ቤት ይሰጣል። ታመምኩ፣ ወንዝ ሞላ ማለት አይሠራም።

ችግሩ... ተማሪዎቹ ሠላሳ ዘጠኝ ናቸው።

አርባኛዋ ወለተሩፋኤል በሐምሌ ትኩሳት ይዟት፣ ሐኪም ቤት ሳትደርስ ሞታለች። መለሰ ቀብሯ ላይ ነበር። ስሟን ግን አልሰረዘም።

ስም የሚጠራው መምህሩ ጠረጴዛ ላይ ያለው ታብሌት ነው። በሴት ድምፅ ይጠራል፣ ተማሪው «አቤት» ይላል፣ እሱ ይመዘግባል።

ልጆቹ እምቢ አሉ። አፉ ያልታየ ሲጠራ አቤት አይባልም ተብለው ነው ያደጉት፤ ማን እንደጠራ አይታወቅማ።

መለሰ መጀመሪያ ሳቀባቸው፣ ቀጥሎ ተቆጣ። የተማረ ሰው ዕቃ ይፈራል ወይ ብሎ አሳፈራቸው። አንድ በአንድ፣ እየፈሩ፣ አቤት አሉ።

ሠላሳ ዘጠኝ ሞላ።

«ወለተሩፋኤል...» አለ ታብሌቱ።

ታብሌቱ ጠበቀ።

«ወለተሩፋኤል...»

መለሰ ድምፁን አቅጥኖ «አቤት» አለ።

ማንም አልሳቀም። ከሟቿ ጋር አንድ ዴስክ ትጋራ የነበረችው ዳግማዊት ብቻ አቀርቅራ አንሾካሾከች።

«ምነው መምህር... ለሞተ ሰው አቤት ይባላል?»

ዝም በይ አላት።

መለሰ ያላወቀው አንድ ነገር ነበር። ታብሌቱ ለወላጅ መልእክት ይልካል።

ማክሰኞ ጠዋት የወለተሩፋኤል እናት፣ ወይዘሮ ሸዋአየሁ፣ የክፍሉ በር ላይ ቆመው ጠበቁት። ማንበብ አይችሉም፤ ያነበበላቸው ጎረቤት ነው። ስልካቸውን ዘረጉለት።

«ልጅዎ ዛሬ ትምህርት ቤት ተገኝታለች» ይላል።

የሁለት ሰዓት መንገድ በእግራቸው ነው የመጡት። ስትለቀቅ ይዣት ልሂድ ብዬ ነው አሉት። ቆሎም ቋጥረውላታል።

መለሰ እዚያው መናገር ነበረበት። ግን አርባው ታብሌት ትዝ አለውና ዋጠው። ሴትዮዋ በሩ አጠገብ ድንጋይ ላይ ተቀመጡ።

ስም ጥሪው ተጀመረ።

«ወለተሩፋኤል...»

በዚህ ቀን መለሰ አፉን አልከፈተም። የእናቷ ጥላ ደፍ ላይ ይታየዋል፤ እንዴት ብሎ ይክፈት?

ታብሌቱ ግን እንደ ሰኞው ደግሞ አልጠራም። ጥሪውን ጨርሶ ተዘጋ።

ዳግማዊት ዴስኳ ላይ ጠጋ ብላ ቦታ ለቀቀች... ወደ ጎኗ ሳታይ።

ያን ቀን ምን እንዳስተማረ አያውቅም። ዘጠኝ ሰዓት ላይ እውነቱን ሊያፈርጠው ወሰነና ወጣ። ታብሌቱም ይሂድ፣ ደመወዙም ይሂድ አለ በልቡ።

«እናቴ... ሰኞ አቤት ያልኩት እኔ ነኝ። ይቅር ይበሉኝ።»

ሴትዮዋ አላለቀሱም። አልተራገሙትም። ስልካቸውን እንደገና ዘረጉለት።

«የሰኞው አንተ ነህ» አሉት ቀስ ብለው። «ይኼ ዛሬ የገባውሳ?»

አነበበው። ያው ቃል ነው። ቀኑ ማክሰኞ።

ደወል ተደወለ። ልጆቹ ወጡ። መለሰ ቆጠራቸው... ሠላሳ ዘጠኝ።

ወይዘሮ ሸዋአየሁ ግን ከድንጋዩ ተነሡ። ከሁሉም ኋላ፣ ወደ ባዶው በር እያዩ፣ ጋቢያቸውን ከትከሻቸው አወረዱ።

«ብርድ ነው ልጄ» አሉና አየሩ ላይ ደረቡት።

ጋቢው አልወደቀም።