ዓሊዪ ያሸነፈው ክርክር

ሸምሲያ ዓሊዪን ያወቀችው በጭቅጭቅ ነው፤ ለዚያውም ስለ ወንድሟ።

በ1979 ዓ.ም. ኅዳር ላይ፣ አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ፣ የጀጎል ወጣቶች የቅርጫት ኳስ ቡድን ከግንቡ ውጭ ባለው የትምህርት ቤት ሜዳ በአሥራ አራት ነጥብ ተሸነፈ። ተመልካቹ ግን አልተበተነም። የሐረር ሰው ጨዋታ የሚጀምረው ጨዋታው ካለቀ በኋላ ነው። በድንጋዩ ደረጃ ላይ የተቀመጠው ሁሉ የሚያነሳው አንድ ስም ነበር፤ ሳኒ።

ሳኒ የሸምሲያ ታናሽ ወንድም ነው። ገና አሥራ ሰባት ዓመቱ፣ ቁመቱ አጠር ያለ፣ እግሩ ፈጣን። ኳሱን እያነጠረ ወደ ፊት የሚያወጣው፣ ማን ወዴት እንደሚሮጥ የሚያዘው ፖይንት ጋርድ እሱ ነው።

«ይኼ ልጅ የትም አይደርስም» አሉ ጋሽ እንደሻው። የቀበሌ ሹም ናቸው፤ በወጣትነታቸው ለጦር ሠራዊት ቡድን ተጫውተዋል ስለሚባል ቃላቸው ይሰማል። «ወደ ግራ ዞሮ አያውቅም። በግራ በኩል ሰው ብቻውን ቆሞ እጁን ሲያውለበልብ፣ እሱ ቀኝ ቀኙን! ግማሽ ሜዳ ነው የሚጫወተው። ኳሱን ለሙሳ ስጡት፤ ረጅም ነው፣ ከቅርጫቱ ስር ቆሞ ያግባ። አለቀ።»

«አቦ ጋሽ እንደሻው! ሙሳ ጋ ኳሱን ማን ሊያደርስለት ነው?» አለ ከታችኛው ደረጃ የተቀመጠ ሰው።

ዓሊዪ ነበር፤ የስፌት መኪና ድምፅ በማይቋረጥበት በመኪና ግርግር ጎዳና ልብስ ሰፊ ነው። ቀኝ እግሩ ከሕፃንነቱ ጀምሮ የሰለለ ስለሆነ ሜዳ ገብቶ ኳስ ነክቶ አያውቅም። ግን አንድም ቅዳሜ አምልጦት አያውቅም።

«ጥፋቱ የልጁ አይደለም» ቀጠለ፤ «የማጥቃቱ ስልት ነው የተበላሸው። አራቱም ቆመው ኳስ ይጠብቁታል። ይሩጡለት! ሁለት ዓመት ስጡትና ድሬዳዋ ላይ ታዩታላችሁ።»

«ሁለት ዓመት ቢቀልቧት ድመት ነብር አትሆንም።»

ደረጃው በሳቅ ተናጋ። ሸምሲያ አላስቻላትም።

«ድመትም ብትሉት፣ ዛሬ ከገባው አርባ ነጥብ ሠላሳው ከእሱ እጅ የወጣ ነው። ቆጥሬዋለሁ» አለች።

ሳቁ ቆመ። ዓሊዪ አንገቱን ወደ ላይ ቀና አድርጎ አያት። አየት አድርጎ ሊመልስ የፈለገ ይመስላል፤ ዓይኑ ግን አልመለስለት አለ። እሷም ሻሿን ያለ ምክንያት አስተካከለች።

ወደ ቤቷ ስትመለስ የግንቡ መግቢያ ሸዋ በር ላይ ደረሰባት፤ በዚያ እግሩ ተጣድፎ ስለነበር አልቦታል።

«እኅቱ ነሽ አይደል? አንድ ነገር ልጠይቅሽ፤ ካጠፋሁ አፉ በይኝ። ግራ ዓይኑ አያይም?»

ሸምሲያ ደነገጠች። ሳኒ የአራት ዓመት ልጅ እያለ ኩፍኝ ግራ ዓይኑን አጥፍቶበታል። ከውጭ ሲያዩት ግን ምንም ያልሆነ፣ ጥርት ያለ ዓይን ነው። ከእሷና ከእናቷ ከወይዘሮ ፋጡማ በቀር የሚያውቅ ሰው አልነበረም።

«ለጋሽ እንደሻው ልትነግር ነው?»

«ወላሂ ለማንም አልናገርም። እንዴት እንደምንሸፍነው ላስብ ብዬ ነው።»

«እንደምንሸፍነው» አለ እንጂ «እንደሚሸፍነው» አላለም። ሸምሲያ እስከ ቤቷ ድረስ ያቺን ቃል ይዛ ሄደች።

ዓሊዪ እንዳለው አደረገ። ተጫዋቾቹን ሱቁ ሰብስቦ በወለሉ ላይ ጥቁር ጨርቅ ዘረጋና በልብስ መቁረጫ ጠመኔ ሜዳ ሳለበት። ረጅሙን ሙሳን ከቅርጫቱ ስር አውጥቶ በሳኒ ግራ በኩል አስሮጠው፤ እየሮጠም እንዲጣራ አዘዘው። ሳኒ ያላየውን በጆሮው ሰምቶ ያቀብል ጀመር። ቡድኑ ጥር ላይ ሁለቴ አሸነፈ፤ የካቲት ላይ የሚያቆመው ጠፋ።

ሸምሲያም ለመኪና ግርግር ምክንያት አታጣም ነበር።

«ይኼን ቀሚስ ባለፈው ሳምንት አጥብቤልሽ አልነበር?» አለ ዓሊዪ አንድ ቀን።

«አሁንም ሰፍቶኛል።»

«ሸምሲያ፣ በዚህ ከቀጠልሽ መተንፈሻም አታገኚም።»

ሳቀች። እሱ አልሳቀም። የስፌት መኪናውን አቆመ። የጎረቤት መኪናዎች ግን ይንጫጫሉ።

«ቀሚሱን ተይውና ዝም ብለሽ ነይ» አላት ዝቅ ባለ ድምፅ። «የሚሰፋ ነገር ባይኖርሽም ነይ።»

ሸምሲያ ቀሚሱን አጥፋ ይዛ ወጣች። በማግስቱ ግን ባዶ እጇን መጣች።

በዓመቱ መጨረሻ ጋሽ እንደሻው በሰው ሁሉ ፊት እጃቸውን ዘረጉለት። «ዓሊዪ፣ ክርክሩን አሸንፈሃል። ያ ልጅ በጀርባውም ዓይን አለው!»

በ1980 ዓ.ም. ጥቅምት ላይ የሐረርጌ ምርጥ ቡድን ሳኒን ፈለገው፤ ከሐኪም የጤና ማረጋገጫ እንዲያመጣም ተጠየቀ። ወይዘሮ ፋጡማ ይህን ሲሰሙ ይለቅሙት የነበረውን በርበሬ አስቀመጡ። በጊደር መጋላ ገበያ ቅመም እየሸጡ ሁለት ልጆች ለብቻቸው ያሳደጉ ሴት ናቸው።

«ወረቀት የሚጻፍ ከሆነ፣ ዓይኑ አያይም የሚል ይጻፍልን» አሉ። «ብሔራዊ ውትድርናው የሰው ልጅ እየለቀመ ነው። ኳሱ ይቅርበት። ዓይኑን አላህ የነሳው ለዚህ ቀን ይሆናል።»

ሳኒ እንደ ሕፃን አለቀሰ። ሸምሲያ ነገሩን ይዛ ዓሊዪ ዘንድ ሄደች። ዓሊዪ የሰለለ እግሩን በመዳፉ መታ መታ አደረገ።

«እኔን ይኼ እግር ከጦር ሜዳ አስቀርቶኛል። ከምን ከምን እንዳስቀረኝ ግን የማውቀው እኔ ነኝ። ሳኒ አንድ ጊዜ ይጫወት። ደግሞም የክፍለ ሀገር ተጫዋች አይነካም ይባላል።»

ይባላል። ማን እንዳለ አልጠየቀችም። እሱ ያለውን ለእናቷ ደግማ ነገረቻቸው፤ ሦስት ቀን ለመነቻቸው። በአራተኛው ቀን ወይዘሮ ፋጡማ «እናንተ ተምራችኋል» ብለው ተዉት።

ዓሊዪ መነጽር ይታዘዝልኝ ብሎ ሐኪም ዘንድ ሄዶ፣ በዓይን መመርመሪያው ሰሌዳ ላይ ያሉትን ፊደሎች በቃሉ ይዞ መጣ። ሦስቱም ሱቁ ውስጥ ተቀመጡ፤ ሁለቱ ሳኒን ከላይ እስከ ታች አስጠኑት። ሲሳሳት ይስቁ ነበር። ሸምሲያ በሕይወቷ እንደዚያ ከሰዓት ደስ ያላት ጊዜ አልነበረም። ሳኒ ምርመራውን አለፈ፤ «ሁለቱም ዓይኖች ጤነኛ» የሚል ማኅተም ያለበት ወረቀት ይዞ ተመለሰ።

ድሬዳዋ ላይ ተጫወተ። ሸምሲያና ዓሊዪ በባቡር ጣቢያው በኩል ባለው ሜዳ ዳር ጎን ለጎን ቆመው አዩት። ሰው ስሙን እየጠራ ሲያጨበጭብ ዓሊዪ በሰዉ መሐል እጇን ያዘ። «ከኢድ በኋላ ሽማግሌ እልካለሁ፣ ኢንሻ አላህ» አላት።

ኢድ ሳይደርስ፣ መጋቢት ላይ፣ በሰሜን ጦሩ ተመታ የሚል ወሬ ከተማውን ሞላው። ሚያዝያ ላይ፣ በረመዳን ጾም፣ የዘማቾች ስም በቀበሌው ተነበበ። ሳኒና ሙሳ ተከታትለው ተጠሩ።

በምርመራው ቀን ሳኒ ቀኝ ዓይኑን ሸፍኖ «ምንም አይታየኝም» አለ። ሐኪሙ ቀና ሳይል «ዛሬ የሚታየው ሰው አልመጣም» አለና ወደሚቀጥለው አለፈ።

ሸምሲያና ዓሊዪ ወደ ጋሽ እንደሻው ቢሮ ገቡ። የቀበሌውን ዘማቾች ዝርዝር የያዙት እሳቸው ነበሩ።

«ጋሽ እንደሻው፣ ልክ ነበሩ» አለ ዓሊዪ። «ልጁ ግራውን አያይም። ያኔ ያሉት ሁሉ ልክ ነው። ሙሳን በግራው ያስሮጥሁት ለመሸፈን ነው።»

ሰውየው ፈገግ አሉ። «ሳኒ? ዕውር? እኔ እኮ ሃያ ጨዋታ አይቼዋለሁ! አንተው አይደለህ ዓይኔን የከፈትክልኝ?»

«ፊደሉን እኛ ነን ያስጠናነው» አለች ሸምሲያ።

ጋሽ እንደሻው ፈገግታቸው ጠፋ። መሳቢያቸውን ከፍተው ከምርጥ ቡድኑ የመጣላቸውን፣ ማኅተም ያለበትን የሳኒን የጤና ወረቀት ጠረጴዛው ላይ አኖሩ። «ይኼ የመንግሥት ወረቀት ነው። ውሸት ነው ካላችሁ ሦስታችሁም ትታሰራላችሁ፤ እሱ ከእስር ቤትም ቢሆን ይወሰዳል። ቁጥር ተሰጥቶኛል። የእኔም ልጅ ከዝርዝሩ ውስጥ አለ። ሂዱ በቃ… ሂዱ።»

ሳኒ የተጫነው ከኢዱ አንድ ሳምንት አስቀድሞ ነው። መኪናው ላይ ሆኖ ከሰዉ መሐል ዓሊዪን ፈልጎ አገኘውና «ድሬዳዋ ጥሩ ነበር!» ብሎ ጮኸ። ዓሊዪ እጁን ማንሳት አቃተው።

ከኢድ በኋላ ሽማግሌ አልተላከም። ዓሊዪ ብቻውን መጥቶ በወይዘሮ ፋጡማ ደጅ ላይ ቆመ።

«እማ ፋጡማ፣ አፉ ይበሉኝ።»

«ላላህ ብዬ እተውልህ ይሆናል» አሉት። ድምፃቸው አልጮኸም። «ፊትህን ማየት ግን አልችልም። አትምጣብኝ።»

ለሸምሲያ ምንም አላሏትም። ዝምታቸው ከእርግማን ከበዳት። መኪና ግርግርን ተወች፤ ወደ ገበያ ስትሄድ የስፌት መኪና ድምፅ እንዳትሰማ ዙሪያውን በሌላ ጠባብ መንገድ ትዞር ነበር። እሱም አልተከተላትም። ከሳኒ ሁለት ደብዳቤ መጣ። ከዚያ በኋላ አልመጣም። እንዲህ ሦስት ዓመት አለፈ።

በ1983 ዓ.ም. ሰኔ ላይ፣ መንግሥት ወድቆ የተበተነው ጦር በየመንገዱ ሲያዘግም፣ ሙሳ በባዶ እግሩ ጀጎል ገባ። ያ ረጅም ሰውነቱ ጎብጧል። ወይዘሮ ፋጡማ ውሃ ሰጡት፤ እስኪጠጣ ጠበቁት።

«ሞቷል፤ ከሁለት ዓመት በፊት» አለ ሙሳ። «ወደ ኋላ ስንሸሽ ከባድ መሣሪያ መሐላችን ወደቀ። በእጄ ቀብሬዋለሁ፣ በሰላት ቀብሬዋለሁ።»

«ኢና ሊላሂ…» አሉ እናትየው። ቀሪውን መጨረስ አቃታቸው።

ሸምሲያ ሦስት ዓመት ያነቃትን ጠየቀች። «በዓይኑ ምክንያት ነው?»

ሙሳ የውሃውን ዕቃ መሬት አኖረ። «አላውቅም። ሁለት ዓይን የነበራቸው ዘጠኝ ልጆችም አብረውት ሞተዋል።»

ሐዘኑ ከወጣ በኋላ ሸምሲያ መኪና ግርግር ሄደች። ዓሊዪ ገና ሠላሳ አንድ ዓመቱ ነው፤ ጢሙ ግን ሸብቷል። ሲያያት ከመቀመጫው ለመነሳት ሞክሮ ተመልሶ ተቀመጠ።

«ሙሳ ነገረኝ» አለ። «ከዚያ ወዲያ አልተኛሁም። ያንን ክርክር ብሸነፍ ኖሮ ሸምሲያ… ያኔ ዝም ብል ኖሮ…»

«ብቻህን አልነበርክም። ፊደሉን ማን አስጠናው? እናቴን ማን ለመነ?» ከፊቱ ካለው በርጩማ ላይ ተቀመጠች። «እኔ ይኼን ለብቻዬ መሸከም አልቻልኩም፤ አንተም አልቻልክም። ከሌላ ሰው ጋር ብኖር በየቀኑ መደበቅ ሊኖርብኝ ነው። ካንተ መደበቅ የለብኝም።»

«እናትሽስ?»

«ነግሬያቸዋለሁ። ‹ሂጂ፤ አልከለክልሽም፤ አልመጣምም› ብለውኛል።»

ዓሊዪ ፊቱን በሁለት እጁ ሸፍኖ አለቀሰ። ሸምሲያ እስኪበቃው ድረስ ከበርጩማው አልተነሳችም።

ኒካሑ ነሐሴ ላይ ታሰረ፤ አሥር ሰው የማይሞላ፣ ዘፈን የሌለበት። ወይዘሮ ፋጡማ አልመጡም።

በየዓርቡ ሸምሲያ እናቷን ልትጠይቅ ትሄዳለች። ዓሊዪ ይሸኛትና ከግቢው በር ፊት ለፊት፣ መንገዱ ማዶ፣ ግንቡን ተደግፎ ይጠብቃታል። አንዳንድ ቀን አንድ ሰዓት፣ አንዳንድ ቀን ከዚያም በላይ። ሁለቱ ሴቶች ስሙን አንስተው አያውቁም።

ታኅሣሥ ላይ ፀሐዩ የከረረበት አንድ ዓርብ ወይዘሮ ፋጡማ እጃቸው በርበሬው ውስጥ እንዳለ ጠየቁ።

«ያ ሰውዬ ፀሐይ ላይ ነው የሚቆመው?»

ሸምሲያ ቀና አለች። «አዎ እማ።»

«በዚያ እግሩ?»

«አዎ።»

እናትየው አንድ ሁለት በርበሬ ለቀሙ። ከዚያ «ከበሩ ጥላ ስር ይግባ በይው» አሉ። «እዚያው በሩ ስር። ወደ ውስጥ አይደለም።»

ሸምሲያ ወጥታ ነገረችው። ዓሊዪ መንገዱን እያነከሰ ተሻገረ፣ ከበሩ ስር ካለው ድንጋይ ላይም ጀርባውን ለቤቱ ሰጥቶ ተቀመጠ። እሷ ተመልሳ ከእናቷ አጠገብ ቁጭ አለች፤ ሁለቱም በርበሬውን መልቀም ቀጠሉ።