ዘጠነኛዋ ፍላጻ

«ታምሲን ባግናል! ሠላሳ ሁለት ቀርቷታል!»

የዳኛው የሆሊንስ ድምፅ የእንግሊዟን የስቶክ ከተማ አዳራሽ ጣሪያ አንስቶ መለሰው። የገባው ሰው ስድስት ሺህ ነው ይላሉ፤ ጩኸቱን ለሰማ ግን ስድስት ሚሊዮን ነበር። በጨዋታው ልማድ የሙዝ ልብስ የለበሱ ጎረምሶች፣ መነኩሲት የመሰሉ ጢማም አባወራዎች፣ ፔንግዊን የመሰለ አንድ ሙሉ ጠረጴዛ ሰው፣ ሁሉም ወንበር ላይ ወጥተው ይዘፍናሉ። ገና ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ነው። ባለሙያዎቹ የሚገጥሙት ምሽት ላይ ነው፤ ስምንት ፍላጻ ወርዋሪዎች የሚፎካከሩበት የስምንቱ ሊግ ግን ሃያኛ ዓመቱን ሲያከብር የታዳጊዎቹን ፍጻሜ በዚያው መድረክ፣ በዚያው ሰሌዳ አስቀድሟል።

ታምሲን አሥራ አራት ዓመቷ ነው። መዳፏ ዓሣ የያዘች ይመስል ሙልጭልጭ ይላል። ሁለት ለሁለት ናቸው፤ ይህን ዙር የወሰደች ዋንጫውን ትወስዳለች። በየተራው ሦስት ሦስት ፍላጻ እየወረወሩ፣ የመቱትን ቁጥር ከአምስት መቶ አንድ እየቀነሱ ዜሮ መድረስ ነው። የመጨረሻዋ ፍላጻ ደግሞ የግድ በሰሌዳው ዳር ያለው ቀጭን ቀለበት ውስጥ መግባት አለባት፤ እዚያ ቁጥሩ እጥፍ ይሆናል። የቀራት ሠላሳ ሁለት ነውና ኢላማዋ አሥራ ስድስት ነው። ከሳተች ተራው የተጋጣሚዋ፣ የሊቨርፑሏ ኒቭ ነው፤ የቀራት ሃያ ብቻ ነው፤ ኒቭ ደግሞ ሃያን በእንቅልፍ ልቧም አትስትም።

«ክንድሽን ላላ አድርጊው፣ ዳክዬዬ!» አለ ከፊት መደዳ አንድ ድምፅ። በስቶክ የተወደደ ሁሉ ዳክዬ ነው። «የባግናል ደም እኮ ነው ያለሽ!»

አያቷ አርኖልድ ነው። ስለዚህ ሰውዬ ካልተነገረ የሊጉ ታሪክ አልተነገረም።

ከሃያ ዓመት በፊት ሊጉ በዚሁ አዳራሽ ሲጀመር ከስምንቱ ተጫዋቾች አንዱ አርኖልድ ነበር። አምስት መቶ አንዱን በዘጠኝ ፍላጻ ጨረሰው! ከዚያ ያነሰ በምድርም በሰማይም የለም። ከጩኸቱ ብዛት ሦስት አምፖል ፈነዳ፤ የጎረቤት ከተማ ውሾች ጆሯቸው ደንቁሮ ሳምንት ሙሉ ሳይጮኹ ሰነበቱ። ታዲያ የሊጉ መዝገብ ቢገለጥ፣ በዘጠኝ ፍላጻ የጨረሰ የመጀመሪያው ሰው ተብሎ የተጻፈው ሌላ ነው፤ ያውም በሦስተኛው ዓመት። የአርኖልድን ዳኛው ሰረዘው። ዳኛው ማን ነበር? ሆሊንስ!

«ያ ሸውራራ ዘረፈኝ» ይላል አርኖልድ በየእሑዱ፣ የአጃ ቂጣውን በቺዝ እየጠቀለለ። «ለምን ሰረዘብህ፣ አባባ?» ስትለው ግን ሳሉ ይነሳበታል። ስሎ፣ ስሎ፣ ወሬው ይቀየራል።

ታምሲንን ሲያሠለጥናት አንድ ነገር ሺህ ጊዜ ነግሯታል፦ «መጀመሪያ ንቀዪ፣ ከዚያ ጩኺ!» ከመጠጥ ቤት የመጣ የድሮ ሕግ ነው። ወርዋሪዋ በእጇ እስክትነቅላት ድረስ ሰሌዳው ላይ ያልቆየች ፍላጻ እንዳልተወረወረች ትቆጠራለች።

ታምሲን ወረወረች። በፀጉር ስፋት ከቀለበቱ ውጭ ተሰካች። ሁለተኛዋም እዚያው አጠገቧ ተሰካች። ሦስተኛዋ ከእጇ ስትወጣ ታምሲን አወቀች።

ገባች!

«አሸናፊ፣ ታምሲን ባግናል!» አለ ሆሊንስ፤ ወዲያው ዞሮ የኒቭን እጅ ጨበጠ። ተሸናፊን አስቀድሞ መጨበጥ የሊጉ ወግ ነው። ካሜራው የታምሲን ፊት ላይ ተተከለ። ፔንግዊኖቹ ተቃቀፉ፤ አንዱ ሙዝ ከወንበሩ ወደቀ። ታምሲን ጀርባዋን ለሰሌዳው ሰጥታ፣ ሁለት እጇን ዘርግታ ዘለለች፤ እንደገና ዘለለች።

ጠብ!

ያ ሁሉ ሕዝብ እየጮኸ እንዴት ተሰማት አትበሉ። ተሰማት። ዞር ስትል ሰሌዳው ላይ ሁለት ፍላጻ አለ። ሦስተኛዋ መሬት ላይ ነች።

ማንም አላየም። ሆሊንስ ጀርባውን ሰጥቷል፤ ሕዝቡ የሚያየው ትልቁን ስክሪን፣ ስክሪኑ የሚያሳየው እሷን ነው። በእግሯ ገፋ ብታደርጋት ከምንጣፉ ጠርዝ ሥር ትገባለች።

አያቷን አየችው። በዚያ አዳራሽ ከሰው ፊት ይልቅ ሰሌዳ የሚያይ አንድ ሰው ቢኖር እሱ ነው። አፉ እንደተከፈተ ቀርቷል። ዓይን ለዓይን ሲጋጠሙ፣ ሳሉ ተነሳበት።

ሳለ፤ ሳለ፤ ወደ ጣሪያው አንጋጠጠ።

ታምሲን ያኔ ገባት። የአያቷ ዘጠነኛ ፍላጻ የት እንዳረፈች፣ ሆሊንስ ለምን እንደሰረዘ፣ «መጀመሪያ ንቀዪ» ለምን ሺህ ጊዜ እንደተነገራት፣ ሁሉም ገባት። ሃያ ዓመት መሳል ደግሞ ረጅም ነው።

ጎንበስ ብላ አነሳቻት።

«ጋሼ፣ ይቺ መሬት ላይ ነበረች።»

ሆሊንስ ፍላጻዋን አየ፤ ቀጥሎ የፊቱን መደዳ አየ፤ እዚያ ላይ ዓይኑ ቆየ። «ሳትነቅዪያት ነው የወደቀችው?»

«ሳልነቅላት።»

«እርግጠኛ ነሽ፣ ዳክዬ? እኔ እኮ አላየሁም።»

«እኔ አይቻለሁ።»

ሆሊንስ ማይኩን አነሳ። «ነጥብ የለም! ተራው የኒቭ ነው!» አዳራሹ በአንድ ጊዜ ተንጫጫ።

«አብደሻል እንዴ?» አለች ኒቭ በሹክሹክታ።

«ሳላብድ አልቀርም። ወርውሪ በይ፣ ሐሳቤን ሳልቀይር!»

ኒቭ ሳቀች፤ ፍላጻዋን ግን ሁለት ጊዜ አስተካክላ ያዘች። ከፊት መደዳ ሳሉ ቆሟል። አርኖልድ በሙዙና በፔንግዊኑ መሀል ተነስቶ፣ ኮፍያውን አውልቆ ወደ ሆሊንስ ጎንበስ አለ። ሆሊንስም በአገጩ መለሰለት።

ኒቭ ክንዷን አነሳች። ታምሲን የቀሩትን ሁለቱን ፍላጻዎች ከሰሌዳው ነቅላ ከኋላዋ ቆማለች፤ የወደቀችውን በእጅጌዋ ጠራርጋ ከሁለቱ ጓደኞቿ ፊት አደረገቻት። ተራው ከደረሳት መጀመሪያ የምትወረውረው እሷን ነው።