አሥራ ሁለት ቀን፣ አራት ዲግሪ

ጡረታ የወጣው ልብስ ሰፊ ቁርሱ ሳይነካ አልጋው ላይ ሞቶ ተገኘ። ሐኪሙ «ስኳራቸው ጣራ ነክቷል። ሙቀት ያበላሸው ኢንሱሊን ሲወጉ ነው የሰነበቱት» አለ። በአረጋውያን መኖሪያው ወደ መድኃኒት ክፍል የሚገቡት አራት ሰዎች ብቻ ናቸው፦ ኃላፊዋ፣ ነርሷ፣ የኮምፒውተር ባለሙያውና የጽዳት ሠራተኛዋ።

ባልደረቦቹ «ወንፊት» የሚሉት መርማሪ ገና ከበሩ ሲደርስ ኃላፊዋ ጣቷን ቀሰረች።

«እሷ ናት! ወለል ስትወለውል የመድኃኒቱን ማቀዝቀዣ ነቅላ ረስታው ነው።»

የሦስት ልጆች እናት የሆነችው የጽዳት ሠራተኛ አንገቷን ደፋች። እስር ቤት ልትገባ ነው።

ወንፊት ተንበርክኮ ሶኬቱን አየ።

«እትዬ፣ ከማቀዝቀዣው ጀርባ መቼ ጠረጉ?»

«አፈር ልብላ ጌታዬ፣ እጄ አይደርስም። ከተቀጠርኩ ጀምሮ አልነካሁትም።»

«እሰየው!» አለ። አቧራው ገመዱንና ሶኬቱን አንድ ላይ አልብሷቸዋል። ማንም አልነቀለውም።

ነርሷን ጠየቃት። «ጠርሙሱ መሞቁ አልታወቀሽም?»

«ታውቆኛል። ግን የኮምፒውተሩ ስክሪን ማቀዝቀዣው አራት ዲግሪ ነው ይላል። እጄን ጠረጠርኩ።» እንባዋ ቀደማት።

የሙቀት መዝገቡን ገለጠላት። ድሮ ሦስትም አምስትም ይል የነበረው፣ አሥራ ሁለት ቀን ሙሉ አራት፣ አራት፣ አራት ይላል።

«ሙቀቱን የሚያነበውን ተቀጥላ ፕሮግራም የሠራሁት እኔ ነኝ» አለ ባለሙያው። «ቢቆም ኖሮ ስክሪኑ ላይ መልእክት ያወጣ ነበር። ምንም አልወጣም።»

ይህን ስትሰማ የጽዳት ሠራተኛዋ የሽርጧን ኪስ በእጇ ሸፈነች። ወንፊት ጣቷ ላይ ያለውን የእርሳስ ጥላሸት ካየ ቆይቷል።

«ደብተር ነው፣ እትዬ?»

«ተዉኝ ጌታዬ፣ ውርደቴ ነው። ስምንተኛ ክፍል ጨርሻለሁ ብዬ ነው የተቀጠርኩት። ፊደል የጀመርኩት ዘንድሮ ነው።»

ደብተሩን አገላብጦ አየና አራቱንም ኮምፒውተሩ ፊት ሰበሰባቸው።

«የፊደል አስተማሪያቸው ያገኙትን ጽሑፍ ሁሉ፣ ቀኑን እየጻፉ እንዲገለብጡ አዝዛቸዋለች። ይኸኛው የዛሬ አሥራ ሁለት ቀን የተገለበጠ ነው። ያንብቡልን።»

ላብ እያጠመቃት በጣቷ ተከተለች። «ስህተት… ሠላሳ አንድ። ተቀጥላው… አልተጫነም። እሺ። ዳግም… አታሳይ።»

«እንግዲህ መልእክቱ ወጥቷል» አለ ወንፊት። «የዚያን ዕለት መብራት ሄዶ በኃይል ሲመለስ የማቀዝቀዣው ሞተር ተቃጠለ፣ ተቀጥላውም ቆመ። ስክሪኑ የመጨረሻውን ቁጥር ይዞ ቀረ። መልእክቱ ግን በማግሥቱ የለም። ‹ዳግም አታሳይ› የሚለው ሲጫን የይለፍ ቃል ይጠይቃል፤ ሞክሬዋለሁ። የይለፍ ቃሉ ማን ዘንድ ነው?»

«እሱ ዘንድ ብቻ» አለች ነርሷ።

ባለሙያው ቀና ማለት አቃተው። «ፕሮግራሙ በየሳምንቱ ሲቆም ‹ያንተ ነገር ዛሬም ተኛ?› እያሉ ሲስቁብኝ አፈርኩ። እስካስተካክለው ብዬ ደበቅሁት። ከዚያ… ረሳሁት።»

ኃላፊዋ ስትጠቁምበት የነበረውን እጇን ወደ ኪሷ ከተተች።

«እኔም አለሁበት» አለች የጽዳት ሠራተኛዋ። «ምን እንደሚል እንዳልጠይቅ አፈርኩ። ማንበብ ብችል ኖሮ አባባ አይሞቱም ነበር።»

«አሁን አነበቡት። ገባዎት?»

«አልገባኝም።»

«እኔም አልገባኝም። ምን ቢል ይገባዎት ነበር?»

እርሳሷን አወጣች። ፊደል በፊደል ስትጽፍ ማንም አላጣደፋት። ስትጨርስ ደብተሩን ለባለሙያው አቀበለችው። እንዲህ ይላል፦

«ሙቀቱን አላውቅም። በእጃችሁ ንኩት።»

ነርሷ በትከሻው በኩል አነበበችና የጠረጠረችውን መዳፏን ዘርግታ አየችው።