የትርንጎ ኩክ ማውጫ

በከርሰ ጨረቃ ሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት የአንጥረኝነት ተማሪዎች ጠዋት ክፍል ሲገቡ ከሁሉ በፊት እግራቸውን ያስራሉ። ወግ ሆኖባቸው አይደለም። ጨረቃ ላይ ሰው ቀሎ ስለሚኖር፣ መዶሻ በኃይል ያሳረፈ ተማሪ ራሱም ከመቀመጫው ብድግ ይላል። አንደኛ ዓመት ላይ ቀበቶውን ረስቶ ጣሪያ ያልነካ የለም። ኩምሳ እንዲያውም ደጋግሞ ነክቷል፤ ሲጠየቅ ግን "ጣሪያው ደህና መሆኑን ላጣራ ነው የወጣሁት" ይላል።

እግር ከታሰረ በኋላ ጆሮ ይደፈናል። እያንዳንዱ ሹክ ባዩን ያስገባል። ሹክ ባይ የምስር ፍሬ የምታህል፣ ጆሮ ውስጥ ገብታ የምትቀመጥ መሣሪያ ናት። የመዶሻውን ጩኸት ትውጥና በምትኩ በለሆሳስ ትመክራለች። "ብሩ ጠንክሯል፤ ያለስልሱ።" "እሳቱ በዝቷል፤ ያርቁ።" ብረት እንደጋለ ነው ይባላል እንጂ ብር የሚቀጠቀጠው ከቀዘቀዘ በኋላ ነው። ሲመቱት ሲመቱት ደግሞ እየደረቀ ይሄድና እሳት ካላየ ይሰነጠቃል። መቼ እንደሚሰነጠቅ የምታውቀው ሹክ ባይ ናት። ተማሪው እጁን ያውሳታል፤ ጆሮውን ለብሩ ሰጥቶ አያውቅም፤ መስጠት እንደሚቻልም የነገረው የለም።

የዚያን ዕለት ፈተና ነበር፤ የምረቃ ፈተና። ያለፈ ሰው የራሱ መስፍ፣ ማለትም ብር የሚቀጠቀጥበት ትልቅ ብረት፣ ለዘለቄታው ይሰጠዋል። የወደቀ ወደ አየር ማጣሪያ ጣቢያ ይመደብና ዕድሜ ልኩን የአቧራ ወንፊት ሲያራግፍ ይኖራል። ሁለተኛ ዕድል የለም። ሕጉ አንድ ነው፤ የተሠራው ነገር በሰው ላይ ሥራውን ሲሠራ መታየት አለበት። የአንገት ጌጥ አንገት ላይ፣ አምባር ክንድ ላይ፣ ዋንጫም ተጠጥቶበት።

ከተፈታኞቹ አንዷ ትርንጎ ያመጣችው ኩክ ማውጫ ነው።

ከድሮ ፎቶዎች መሀል ነበር ያገኘችው። አንዲት ሴት አንገት ላይ ከመስቀሏ ጎን ተንጠልጥሏል፤ አናቱ እንደ ዘውድ ያጌጠ፣ ከታች ቀጭን ዘንግ፣ ጫፉ ላይ የምስር ክክ የምታህል ማንኪያ። ምን እንደሆነ ስታነብ ቀኑን ሙሉ ሳቀች። የጆሮ ኩክ የሚያወጡበትን በብር አሠርተው፣ በአደባባይ፣ በደረታቸው ላይ! ሳቁ ሲያልፍ ግን ፍቅሩ ቀረ። እንዲህ ያለ ሰው አለመውደድ አይቻልም አለች፤ ለምረቃ የምሠራውም ይኼንን ነው አለች።

አሠራሩ ላይ ሹክ ባይ አልረዳቻትም። "ቅርጹ አይታወቅም" ብላ ዝም ትላለች። ስለዚህ ትርንጎ ሹክ ባይ በምትወልቅበት በመኝታ ሰዓት እዚያው አልጋዋ ላይ ተቀምጣ፣ ዘንጉን እያጠፈች፣ በገዛ ጆሮዋ እየለካች፣ እንደገና እያቃናች ትክክለኛውን ጎባጣ አገኘችው። ጫፉን ጉንጭ ላይ ሲያልፍ እስከማይታወቅ ድረስ አለሰለሰችው።

"ትርንጎዬ" አላት ኩምሳ ሲያያት፣ "በዚች ማንኪያ የሚበላ ገንፎ ማን ሊያገነፋልሽ ነው?"

ፈታኙ ጋሽ ሽባባው ናቸው፤ ሲደሰቱ የሚቆጡ፣ ሲቆጡ የሚለሰልሱ መምህር። ኩክ ማውጫውን ወደ መብራቱ አነሱና አገላበጡት፤ ዘውዷን በጣታቸው ዳሰሱ። ከዚያ በጣም በለሰለሰ ድምፅ "ግሩም ሥራ ነው" አሉ። ጋሽ ሽባባው ሲለሰልሱ ጥሩ ምልክት አይደለም።

"እስቲ አሳዪኝ" አሏት።

"ምኑን ጋሼ?"

"ሲሠራ።"

እዚህ ላይ ነው ጉዱ። ሹክ ባይ ጆሮ ውስጥ ስትገባ ጠርጋ ነው የምትገባው። በከርሰ ጨረቃ ጆሮው ውስጥ ኩክ ያለው ሰው ከጠፋ ቆይቷል።

"ፈልጌ አጣሁ" አለች ትርንጎ። "ጎረቤቱን ሁሉ ለምኛለሁ። እቤታቸው ድረስ ሄጄ ጆሯቸውን በመብራት አይቻለሁ። አንድም ሰው ኩክ የለውም።"

ከኋላ ሳቅ ተሰማ። ጋሽ ሽባባው አልሳቁም።

"ልጄ፣ ሕጉን ታውቂያለሽ። የፈተና ቦርዱ የዚህ ዕቃ ሥራ ምንድን ነው ቢለኝ ምን ልበለው? ለሌለ ኩክ ማውጫ ልበለው?" ኩክ ማውጫውን መልሰው እጇ ላይ አኖሩላት። ወንፊቶቹ ታዩዋት። እዚያው ሄዳ ቁጭ ብላ አቧራ ስታራግፍ፣ መዶሻ እጇ ላይ ሳይኖር ስታረጅ ታያት። ያን ያህል የፈራችበት ቀን ኖሮ አያውቅም።

ድንገት፣ አምባሩን ገና እየቀጠቀጠ ተራውን የሚጠብቀው ኩምሳ መዶሻውን ወረወረና ጆሮውን ያዘ። ቀጥሎ ጎኑ ያለችው ልጅ። ቀጥሎ ሁሉም፣ ጋሽ ሽባባውም ትርንጎም። ሹክ ባይ መምከሯን ትታ መጮህ ጀምራለች፤ ቃል የሌለው፣ የታጨቀ፣ ጭንቅላት የሚያናውጥ ጩኸት። በደህናው ቀን "ውጪ" ካሏት ተንሸራታ ትወጣለች። አሁን ግን የራሷ ጩኸት አደንቁሯታልና ማንንም አልሰማ አለች። ኩምሳ ወረንጦ አንስቶ ሊነቅላት ሞከረ፤ ድብልብልና አንሸራታች ናትና ይባስ ወደ ውስጥ ገፋት። ጋሽ ሽባባው ጠረጴዛውን ጨብጠው እንባቸው ይወርዳል። ሐኪም ቤት እንዳይሮጡ፣ የሐኪም ቤቱ ማሽን የሚታዘዘው ሹክ ባይን በሚመራው በዚያው ማዕከል ነው፤ እሱም ተገትሮ ቀርቷል።

ትርንጎ ጆሮዋን ለመያዝ እጇን ስታነሳ አንድ ቀጭን ነገር ከጣቶቿ መሀል ተሰማት። አየችው። እኔ ደግሞ ምን ዓይነት ጅል ነኝ አለች በሆዷ።

አንገቷን አዘነበለች። ዘንጓን ወደ ጆሮዋ ሰደደች፤ በሹክ ባይ ጎን አሳለፈች፤ በመኝታ ሰዓት አልጋዋ ላይ ደጋግማ እንዳደረገችው ጣቷን ትንሽ አዞረች፤ ማንኪያዋ ከኋላ ያዘች፤ ሳበች። ሹክ ባይ ዱብ አለች።

"ጋሼ፣ እንዳይነቃነቁ" ብላ የመምህሯን ራስ በአንድ ክንዷ አቀፈች። አልሰሟትም፤ እጇን ግን አመኑት። ሹክ ባያቸው ስትወጣ እንደ ሕፃን ረጅም ትንፋሽ ተነፈሱ። ከዚያ ኩምሳ መጣ፤ ከዚያ ሁሉም እየተገፋፋ መጣ። ትርንጎ እየጠረገች እያወጣች፣ እያወጣች እየጠረገች፣ የወጡትን ብር በሚታጠብበት የመዳብ ጎድጓዳ ሳህን ውስጥ ትወረውራለች። የመጨረሻዋንም ወረወረች። ሠርታለች። የእሷ ኩክ ማውጫ ሥራውን ሠርቷል።

"ዝም በሉ እስቲ" አሉ ጋሽ ሽባባው።

ሳህኑ ያወራል።

ጆሮ ውስጥ ሲሆን ማዕበል የነበረው፣ በክንድ ርቀት ሲሰሙት ቤት ሆነ። ሰው ያለበት ቤት። መዶሻ ይወርዳል፤ ወናፍ ይተነፍሳል፤ ሰው ያስላል፤ ደጅ ላይ ዶሮ ትንጫጫለች፤ አንዱ ስለ ሌላው ሠርግ ያማል፤ ሳቅ ይሰማል። ከመሀል አንድ የሽማግሌ ድምፅ መጣ። "ተው አንተ ልጅ፣ ተው። ብሩ ደክሞታል እኮ። እሳት አሳየውና ይረፍ።"

ትርንጎ ወደ ሳህኑ ጎንበስ አለች። "ጋሼ፣ ይኼ እኮ 'ብሩ ጠንክሯል፤ ያለስልሱ' ማለት ነው።"

"ነው" አሉ ጋሽ ሽባባው ዓይናቸውን ከሳህኑ ሳይነቅሉ። "ሹክ ባይን የሠሯት ሰዎች ድሮ ምድር ላይ አንጥረኞች ቤት ተቀምጠው ለዓመታት እየቀዱ አስተማሯት ሲባል እሰማ ነበር። ወሬ ነው ብዬ ትቼው ነበር።"

"እኔ ራሷ የምታስብ ነበር የሚመስለኝ" አለ ኩምሳ።

የግድግዳው ስልክ ጮኸ። የማዕከሉ ቴክኒሻን ነበር፤ ትንፋሹ ተቆራርጧል። "ይቅርታ ጋሽ ሽባባው፣ የፀሐይ ማዕበሉ ነው። የድምፅ ማጣሪያው ተበላሸና ቆሻሻው ሁሉ አለፈ። አሁን እናጸዳዋለን።"

"ቆሻሻ የምትለው ሽማግሌውን ነው?"

"የቱን ሽማግሌ?"

"ቆይ፣ አትንካው። ፈተና ላይ ነን" አሉና ስልኩን ዘጉት። ከዚያ ወደ ትርንጎ ዞረው ተቆጡ፤ ልጅቷ መቆጣታቸውን ስታይ ልቧ ዘለለ። "ምን ቆመሽ ታይኛለሽ? ለቦርዱ የሚሆን መልስ አግኝቻለሁ። ኩክ ማውጫው ማሽኑን አውጥቶ ሰውየውን ያስገባል እላቸዋለሁ። በይ መስፍሽን ምረጪ።"

ትርንጎ ከደስታዋ የተነሳ ዘለለች። ቀበቶዋን ፈትታ እንደነበር ረስታለች፤ በቀጥታ ጣሪያውን ነካች። ኩምሳ ከታች ሆኖ "ደህና ነው ወይ ጣሪያው?" አላት።

"ደህና ነው" አለች ቀስ ብላ እየወረደች፣ ሳቅና ለቅሶዋ ተቀላቅሎ።

ያን ዕለት ፈተናው በባዶ ጆሮ ቀጠለ። መጀመሪያ የመዶሻው ጩኸት አስደነገጣቸው፤ ቀጥሎ ጩኸት ብቻ አለመሆኑን አወቁ። ለስላሳ ብር ሲመታ ድምፁ ወፍራም ነው፤ እየደረቀ ሲሄድ እየቀጠነ፣ እየጮኸ ይመጣል። ይኼን ማንም ሳይነግራቸው እያንዳንዳቸው በየራሳቸው ሰዓት ሰሙት፤ የሰማም ሁሉ ቀና ብሎ ጎረቤቱን ያይ ነበር። ሳህኑ ከመሀል ተቀምጦ ያስላል፣ ይስቃል፣ ያማል።

ኩምሳ አንገቱን ደፍቶ አምባሩን ይቀጠቅጣል። የብሩ ድምፅ እየቀጠነ መጣ። ትርንጎ ልትነግረው አፏን ስትከፍት ሽማግሌው ቀደማት።

"አንተ ልጅ!" አለ ከሳህኑ ውስጥ። "አትሰማም? ጆሮህን ኩክ ደፈነው እንዴ?"

"አቤት ጋሼ" አለ ኩምሳ ቀና ሳይል፤ መዶሻውን አስቀምጦ አምባሩን ወደ እሳቱ ወሰደ።

ማንም አልሳቀበትም።