ያልተሰረዘው ሰሌዳ

መምህር በኃይሉ በአሶሳው የሥነ ጥበብ ማሰልጠኛ የህትመት ክፍል ውስጥ፣ ከማተሚያው ማሽን ሥር ተደፍተው ተገኙ። ጆሯቸው አጠገብ ተመተዋል፤ መሮው ከእጃቸው ብዙ አልራቀም።

ክልሉ ገና አዲስ የተቋቋመ ነበር፤ ማሰልጠኛውም የተከፈተው በቀድሞ የእህል መጋዘን ነው። ከፍተኛውን የህትመት ትምህርት የሚከታተሉት ሦስት ተማሪዎች፣ ሙርሳል፣ ሩሐማና አሳምነው፣ መርማሪ ሸዋሉል ስትደርስ ደጃፉ ላይ ቆመው ነበር። አስቀድማ ሬሳውን ያገኘውን፣ አማርኛው ገና ያልቀናውን የድንበር ከተማውን የኩርሙክን ልጅ ሙርሳልን ጠየቀችው።

«እኔ ጠዋት ቁልፍ ይዞ መጣሁ፤ በር አልተቆለፈም። ኡስታዝ መሬት ላይ ነው» አላት፤ ኡስታዝ የሚለው መምህሩን ነበር። «ትናንት ሩሐማ ከእኔ ጋር ወጣ። አሳምነውም ወጣ። ኡስታዝ ብቻውን ቀረ።»

«ለምን ቀሩ?»

«ሥዕል የተቀረጸበትን የእንጨት ሰሌዳ ሊሰርዙ» ስትል ሩሐማ መለሰች። «ከአንድ ሰሌዳ የሚታተመው የተወሰነ ነው። ሲያልቅ ሌላ እንዳይታተምበት በመሮ ይጫራል። የአሳምነው ሥራ ትናንት አሥር ታትሞ አለቀ።»

«አንቺ ከእሳቸው ጋር ተጣልተሻል ይባላል።»

ሩሐማ አቀረቀረች። «ሥራዬን ያለስሜ ለኤግዚቢሽን አወጡት። ተናግሬያቸዋለሁ፤ አልክድም።»

ሸዋሉል ወደ ውስጥ ገባች። አሥሩ ህትመቶች ሽቦ ላይ ተሰቅለዋል፤ ነጠላዋን እስከ አገጯ ያጣፋች ሴት ፊት ነው። የዋንዛው ሰሌዳ ታጥቦ መደርደሪያው ላይ ቆሟል። የመሮ ጭረት የለበትም፤ ነገር ግን ከግንባር እስከ አገጭ ቀጭን ስንጥቅ ወርዶበታል።

አሳምነው ወደሚኖርበት ክፍል ስትሄድ ያው ፊት ግድግዳው ላይ ጠበቃት።

«ማን ናት?»

«እናቴ። ከወሎ በሰፈራ እንደመጣን ወባ ገደላት። ፎቶ የላትም፤ በትዝታዬ ነው የቀረጽኳት።»

«ይቺኛዋ መቼ ታተመች?»

«የመጀመሪያዋ ሙከራ ናት። ከአሥሩ በፊት።»

ሸዋሉል ህትመቷን ነቅላ ያዘች። ከሰዓት በኋላ ሦስቱንም በህትመት ክፍሉ ሰበሰበቻቸው።

«ስንጥቅ ቀለም አይዝም» አለች። «ወረቀቱ ላይ ነጭ መስመር ሆኖ ይወጣል። አሥሩን ተመልከቱ፤ መስመር የላቸውም። አሳምነው ክፍል ያገኘኋት ግን አላት። ስለዚህ የታተመችው ከአሥሩ በኋላ፣ ሁላችሁም ወጣን ካላችሁ በኋላ ነው።»

ሰሌዳውን ገለበጠችው። ማዕዘኑ ላይ ውሃ ያላስለቀቀው ደም እንጨቱ ውስጥ ሰርጿል።

«የተመቱት በዚህ ነው፤ የተሰነጠቀውም ያኔ ነው። መምህሩ ሊሰርዙት ቀርተው አልሰረዙትም፤ ያስቆማቸው ሰው አለ። የሩሐማ ቅሬታ በሌላ ሥራ ነው። ሙርሳልም ይህን ፊት የሚያድንበት ምክንያት የለውም። ተመልሰህ የመጣኸው አንተ ነህ፣ አሳምነው።»

አሳምነው አልካደም።

«ለመንኳቸው። ‹ሕጉ ሕግ ነው፣ ሌላ ትቀርጻለህ› አሉኝ። ሌላ መቅረጽ አልችልም። ከቀረጽኳት ወዲህ ፊቷ ከሰሌዳው ውጭ አይመጣልኝም። መሮውን ግንባሯ ላይ ሊያሳርፉ ሲሉ ሰሌዳውን ነጥቄ መታኋቸው።»

«ከዚያ በኋላ ለምን አተምክ?»

«መሰንጠቁን አየሁ። ፊቷ መትረፉን ማወቅ ነበረብኝ።»

ሩሐማ ፊቷን በእጇ ሸፈነች። አሳምነው ሲወሰድ ከአሥሩ አንዷ ለአባቱ እንድትደርስ ለመነ።

ሸዋሉል ራሷ አባቱ እስከሚኖሩበት ባምባሲ ድረስ ወሰደችላቸው። አባቱ አቶ ቢሻው የልጃቸውን ነገር ሰምተው ደጃፋቸው ላይ ተቀምጠዋል። ወረቀቱን ተቀብለው ፊቱን በጣታቸው ተከተሉ።

«ይቺ እናቱ አይደለችም» አሉ በመጨረሻ። «እናቱ ስትሞት እሱ በቅጡ አያውቃትም ነበር። ይቺ በቃሉ የምትባል ጎረቤታችን ናት። አዝላ ያሳደገችው እሷ ናት። በኋላ ወደ አገሯ ተመለሰች።»

ሸዋሉል ስትመለስ አሳምነው በእስር ቤቱ አጥር በኩል ጠበቃት።

«አባቴ አወቃት?» ሲል ጠየቃት።

ሸዋሉል ወደ አጥሩ ተጠጋች።

«አወቋት» አለችው።