የቀኙ ተገላቢጦሽ ነው

«ጥርሱ ተበላ» አለ ሰፈሩ ፕሮፌሰር የሚለው የጎረቤት ልጅ፣ ዓይኑን ከመሬት ሳያነሳ።

«ማን በላው?»

«እኔ ምን አውቃለሁ? ተበላ።»

ልጅቷ የቮሊቦል ጫማዋን እንኳ ሳታወልቅ ግቢው መሃል ተንበረከከች። የእናቷ ብስክሌት ጎማዎቹን ወደ ሰማይ ሰቅሎ ተገልብጧል። ፔዳሎቹ ተፈትተዋል። የፔዳሉን ዘንግ የሚይዘውን፣ እንደ ብሎን ጥርስ ያለውን ቀለበት በጣቷ ነካ አደረገችው። ዝም ብሎ ይዞራል፤ አይጠብቅም፣ አይወጣም። ሥሩ የብረት ፍቅፋቂ ተበትኗል። አጠገቡ መፍቻው ወድቋል፤ እጀታው ላይ ክንድ የሚያህል ቧንቧ ተሰክቶበታል።

«በቧንቧ ነው የታገልከው?»

«አልፈታ ሲለኝስ!»

ብስክሌቱ ላይ ሊገጥሙት ያሰቡት የኤሌክትሪክ ሞተር እካርቶኑ ውስጥ እንዳለ ነው። አክስቷ አሮጌ ብስክሌቷን ስትጥል ፈትታ የሰጠቻት ነው። የሚገባውም ያ ዘንግ ባለበት ቀዳዳ ነው። እሱ ከተገጠመ፣ ቤት ለቤት እየዞረች በሽተኛ የምትጠይቀው ነርስ እናቷ ያን ሁሉ ዳገት በታመመ ጉልበቷ መግፋት ይቀርላታል። «ዛሬን በእግሬ እችላለሁ፣ ነገ ግን አደራ» ብላቸው ነበር የወጣችው። አሁን ሞተሩ ቀርቶ ፔዳሉም አይገጠምም።

«የቀኙ ተገላቢጦሽ ነው ብዬ ጽፌልህ አልነበር? አታነብም?»

«አንብቤ ነዋ የገለበጥኩት!»

«ምኑን?»

«ብስክሌቱን!»

ሌላ ቀን ቢሆን ሆዷን ይዛ በሳቀች። «ደደብ! ጥርሱ ነው ተገላቢጦሽ! ሌላው ብሎን በሚጠብቅበት አቅጣጫ ነው የሚፈታው። አንተ የፈታህ መስሎህ ስታጠብቀው ነው የዋልከው!»

«ታዲያ እንደዚህ ብለሽ አትጽፊም? አንድ መስመር ጫር አድርገሽ ኳስሽን ልትጫወቺ ሄድሽ። ቆይ አብረን እንፍታው አላልኩሽም?»

ብሏታል። ይኼ ደግሞ ይበልጥ አናደዳት። ቧንቧውን ከመፍቻው ላይ መንጭቃ ወረወረችው፤ አጥሩን መትቶ ተንኳኳ።

«ስሚኝማ» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ለእትዬ ዝጎ ነበር እንበላቸው። በቃ። ዝገትን ማን ይቆጣዋል?»

ሳትመልስለት የግቢው በር ተከፈተ። እናቷ ከባዱን የመድኃኒት ቦርሳ አንጠልጥላ ገባች። ብስክሌቱን አየች፣ ካርቶኑን አየች።

«አላለቀም እንዴ?»

«ዝጎ ነበር፣ እትዬ» አለ ፕሮፌሰር ፈጠን ብሎ። «ገና ስንነካው ጥርሱ እርግፍ አለ።»

እናቷ ቦርሳውን አስቀምጣ ደረጃው ላይ ተቀመጠች፤ ጉልበቷን ታሸው ጀመር። «እንግዲህ እናንተ ምን ታደርጉ፣ ልጆቼ። በከንቱ ለፋችሁ።»

ብትቆጣ ይሻል ነበር። ልጅቷ ተነሥታ ቆመች።

«አልዛገም፣ እማዬ። በተቃራኒው አዙረን ነው ያበላሸነው። እኔ በደንብ ሳልጽፍለት ሄድኩ፤ እሱ በቧንቧ ታገለው። ቶርኖ ቤት ሄዶ አዲስ ጥርስ ካልወጣለት አይሠራም።»

ፕሮፌሰር ክው አለ። እናቷ አንዴ እሱን፣ አንዴ እሷን አየች።

«ነገ ጠዋት አራት ቤት አለብኝ» አለች በመጨረሻ። ከዚያ ገብታ በሩን ጠርቀም አደረገችው።

«ዝም ብትይ ምን ነበረበት?» አለ ፕሮፌሰር በሹክሹክታ።

ንዴቷ አልበረደም፤ በእሱም፣ በራሷም። ደረጃው ላይ የቀረውን ቦርሳ አንስታ ትከሻዋ ላይ ሞከረችው። ይከብዳል። ማንገቻውን በቁመቷ ልክ አሳጠረችው።

«ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት በር ላይ ጠብቀኝ» አለችው ሳታየው። «የእማዬን ቦርሳ ዳገቱ ላይ ትቀበለኛለህ።»