እስከ ዳገቱ አጋማሽ

«ተረከዝህን አስነካ! ቀጥ በል!» አለች አልጣሽ በሹክሹክታ።

ምስክር እናቱ እንዳለችው ቀና ብሎ ተራመደ። ጉልበቱና ቁርጭምጭሚቱ ላይ ለምልክት የተለጠፉት ብጫ ክብ ወረቀቶች አብረውት ተንቀሳቀሱ። ፊዚዮቴራፒስቱ ወንዳወቅ በስልኩ እየቀረጸ ጎን ለጎን ሄደ። የፍኖተ ሰላሙ ክሊኒክ ክፍል አጭር ነው፤ ወለሉም ለስላሳ።

«ጎበዝ! አሁን ከድሮው ጋር እናስተያየው።»

ኮምፒውተሩ ላይ ሁለት ምስክሮች ታዩ። በግራ ያለው፣ ከቀዶ ሕክምናው በፊት፣ በጣቶቹ ጫፍ ብቻ ይሄዳል። ሲወለድ አንጎሉ ላይ በደረሰ ጉዳት የባቱ ጡንቻ ተኮማትሮ ተረከዙን ወደ ላይ ይዞት ነበር። በቀኝ ያለው፣ የዛሬው፣ ተረከዙ መሬት ይነካል። አልጣሽ ነጠላዋን አፏ ላይ ይዛ አለቀሰች።

«ቤትስ እንዴት ነው፣ እናቴ? ይደክመዋል?» አላት ወንዳወቅ።

«ኧረ ምን ደክሞት! እጅህ ይባረክ የኔ ጌታ። እንደ ሚዳቋ ነው እሚዘል!»

የምስክር እህት ትሕትና አንገቷን ደፋች። እሷና ወንድሟ የሚማሩበት ትምህርት ቤት ከቡሬ ወጣ ብሎ ዳገት ላይ ነው። ምስክር ድሮ በጣቶቹም ቢሆን ዳገቱን ራሱ ይወጣው ነበር። አሁን አጋማሹ ላይ ሲደርስ ጉልበቱ ይታጠፍበታል። ከዚያ በኋላ እሷ ታዝለዋለች። የክፍሏ ልጆች ሲያዩዋት «ባጃጇ መጣች! ሒሳብ ስንት ነው?» ይሏታል።

እናቷ ይህን ሳታውቅ ቀርታ አይደለም። ግን በነጻ ያከመላትን ሰው ፊት ለፊት «ደክሞታል» ማለት ለእሷ ነውር ነው። ምስክርም ሲመጡ ሚኒባሱ ውስጥ «እንዳትናገሪ፤ ድጋሚ ይቀድዱኛል። በማርያም በይ!» ብሎ አስምሏታል። እሷም ምላለች።

«እንግዲያው ጨርሰናል» አለ ወንዳወቅ፣ ወረቀቶቹን ሊልጥ ጎንበስ ብሎ። «የዛሬ ዓመት እንገናኝ።»

የዛሬ ዓመት! እስከዚያ ጉልበቱ እንደታጠፈ ቢቀርስ?

«ጋሼ» አለች ትሕትና። «እዚህ ሜዳ ነው። ከበሩ ጀምሮ ያለው ዳገት ላይ ቢቀርጹትስ?»

«ምን አስበሽ ነው?»

«እንዲሁ ነው።»

እናቷ ጎኗን ጎሸመቻት። «አንቺ! ያጎረሰን እጅ ይነከሳል እንዴ?»

«ምለሽልኛል እኮ!» አለ ምስክር ዓይኑን አፍጥጦ።

«ምን ተናገርኩ?»

ምስክር ወደ ወንዳወቅ ዞረ። «ድጋሚ ልትቀድዱኝ ነው?»

ወንዳወቅ ተራ በተራ ሦስቱንም አያቸው። ወረቀቶቹን ሳይልጥ ቀና አለ።

«እኔ አልቀድድም፤ ቀዳጁ ሐኪም ሌላ ነው» አለ ፈገግ ብሎ። «ምን እንደሚያስፈልግህ ሳላይ ቃል አልገባልህም። ስፖርት ሊሆን ይችላል፤ ደጋፊ ጫማም ሊሆን ይችላል። ና እስቲ፣ እንውጣ።»

ውጭው ኮረት የፈሰሰበት አቀበት ነው። ምስክር ከበሩ ተነሣ። ትሕትና ከእናቷ ጋር ላይ ሆና ጠበቀችው። መጀመሪያ ላይ ደረቱን ነፍቶ መጣ፤ የእናቷም ፊት በራ። ቀስ በቀስ ግን ጉልበቱ ወደ ፊት ተሰበረ፣ ወገቡ ወረደ። አጋማሹ ላይ ቆመና እንደ ልማዱ ሁለት እጆቹን ወደ እህቱ ዘረጋ።

«አንሺው እንጂ!» አለች እናቷ። «ምን ትገተሪያለሽ?»

የትሕትና እግር አንድ ጊዜ ወደ ቁልቁለቱ ሄደ። መለሰችውና እጆቿን ወደ ኋላ አጣመረች። ወንዳወቅ መቅረጹን አላቋረጠም።

ምስክር ትንሽ ጠበቃት። እንደማትመጣ ሲያውቅ እጆቹን አወረደ። ከዚያ ዝቅ ብሎ ጭኑን ያዘና ወደ ወንዳወቅ ስልክ ተመለከተ።

«እዚህ ጋ ነው» አለ። «እዚህ ስደርስ እምቢ ይለኛል።»

ያን ጊዜ ትሕትና ወረደች። አላዘለችውም። ኮረቱ ላይ አጠገቡ ቁጭ አለች።